ዲባንግ

ሰርቫንዶ ከዲዩራ ጀልባውን ሲገፋ
ኮከብ አልጠለቀም፣ ነፋስም አልከፋ።
የመንደሩ ደንብ ነው፤ ጀልባ ላይ ከወጡ
የዓሣን ስም አይጠሩ፣ መሬት እስኪመጡ።
አዳኙ “ጌታው” ነው፣ ባሕሩ “ደጃፉ”፣
ትንሿን “ያቺ ልጅ” ብለው ነው የሚያልፉ።

ወንድ ልጁ ማኒላ ሲሚንቶ ሊያቦካ
ስለሄደ፣ ዘንድሮ ሴት ልጁን ተካ።
ፍሎርዴሊሳ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ፣
ውሃ መጨለፍ ነው ለጊዜው ሹመቷ።

“እዪ” አላት፣ “ዝም ሲል፣ ሲረጋ ውሃው፣
ያኔ ነው ከሥሩ የሚመጣው ጌታው።”

ረጋ።
የጣሳው እጅ ቆመ።

ሺህ ነበሩ ከታች፤ አንዷ ስትደነግጥ
ሺሁ ባንዴ ዞረ፣ እንደ ገጽ ሲገለጥ።
ማን የትኛዋ ናት? ዓይን እስኪያደናግር
ጎን ከጎን ገጠሙ፣ ብር ከብር፣ ብር ከብር።
ጌታው መሐል ገባ። ሰልፉ ተበተነ።
የቀረው መውጫ በር ሰማይ ብቻ ሆነ።

ውሃው ተቀደደ፤ ከስንዝር ያልበለጠች
አንዲት ብር ወጣች፣ በጭራ እየቀዘፈች።
የታችኛው ጭራ ከላዩ ይረዝማል፤
ገላ ከወጣ ኋላ እሱ ውሃ ይመታል።
ከዚያም ዘረጋችው ቀጭኑን መቅዘፊያ፣
ውሃ ውስጥ መዋኛ፣ እላይ መንሳፈፊያ።
እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው ቆዳው፣
ላባ የለው እንጂ ነፋስ አይጎዳው።

ጌታው ከሥር አለ፣ አረንጓዴ ወርቅ፣
አንገቱን አያነሳ፣ አይቸኩል፣ አይርቅ።
እርሷን አያያትም፤ የያዘው ጥላዋን፣
ጥላዋ ከቆመ ያገኛል ገላዋን።

ታውቃለች? እንጃላት። ስትወርድ፣ ስትወርድ፣
ጭራዋን ነከረች፣ ሌላ ያዘች መንገድ፤
ወደ ግራ ታጠፈች፣ ጥላዋም ታጠፈ፣
ጌታው ግን በቀኙ አፉን ከፍቶ አለፈ።

ከላይ ደግሞ ሽፍታ፣ ጥቁር ወፍ አለላት፣
ከባሕር ስታመልጥ ሰማይ ሊቀበላት።
ከእሳት ወደ ረመጥ ይላል የኔ አገር ሰው፤
ለሷ ግን ሁለቱም እርጥብና ብርድ ነው።

በወፍና በጌታው መሐል ጀልባ ነበር።
ወደቀች፣
ከፍሎርዴሊሳ ጣሳ፣
ከግማሽ ውሃ ውስጥ፣ ክንፏን እንዳነሳ
እጅ፣ ዘርግታ።

“አምጪያት” አለ አባቷ፣ መንጠቆ እየሳለ፣
“ከሌሊት ጀምሮ ማባበያ የለ።”
የሩዝ ዕዳ ነበረ፣ የጣራ ቆርቆሮ፣
አውሎ ነፋስ አምና የነጠቀው አዙሮ።
ልጅቱ ዝም አለች። ጣሳውን አቀፈች።
አንዴ ወደ ባሕሩ፣ አንዴ ወደ እጁ አየች።
ከዚያ ሰጠችው።

በአፍንጫዋ በኩል፣ እንዳትሞት ቀስ ብሎ
መንጠቆውን ሰካ፤ ለቀቃት ክር ጥሎ።
የምታውቀው ዘዴ ያው ነበር፤ መፈናጠር፣
ውሃን በጭራ መምታት፣ ወደ ላይ መንጠር።
ግን ክር አለባት። በዘለለች ቁጥር
ጌታውን ጠራችው፣ ከሩቅ፣ ከጨለማ ሥር።

“በድኗን” አለ፣ “ጌታው ዞር ብሎም አያያት፤
የምትሸሸዋን ነው የሚመጣው ሊበላት።”

ክሩ ተወጠረ፤ መዳፉ ላይ ሄደ፤
አንድ ጊዜ ከበደ፤ ሁለቴ ከበደ፤
ከዚያ ላላ።

ሲስበው መንጠቆው ባዶውን ነበር፤
ጫፉ ላይ አንድ ቅርፊት፣ እንደ ሕፃን ጥፍር።

“በላት” አለ አባት።
“አመለጠች” አለች።
ቅርፊቷም መሐላቸው፣ ለሁለቱም መሰከረች።
እስከ ጠጠሩ ድረስ አልተነጋገሩ፤
እሱ ቀዘፈ፣ እሷ ጨለፈች ከሥሩ።

ማታ፣ መሬት ላይ፣ ስም ሲፈቀድ ለአፍ፣
ጎረቤት ጠየቀ፣ “ምን ነበር?” ብሎ ሲያልፍ።
“አራዩ” አለ አባት፣ “ለጥቂት ያመለጠ።”
ልጅቱ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣
ጣሳዋን ስታጥብ፣
“ዲባንግ” አለች።